ከአፍ ከወጣ አፋፍ

ምንባብ

ካርቲየ 6 በጅቡቲ ከተማ በቁጥር ከሚጠሩት ሠፈሮች አንዱ ነው። እንዲህ ባለው ሠፈር ጎረቤት ከጎረቤት ይተዋወቃል። አንድ ልጅ በክራንች የሚሄድ ጎረቤቱን ቢሰድብ የሰማ ሽማግሌ ይገሥጸዋል፤ ነገሩም ወዲያው ከወላጆቹ ጆሮ ይደርሳል። ተሳዳቢው ይታወቃል፤ የተሰደበውም የሚያጽናናው አያጣም።

በእጅ ስልክ የሚተላለፍ ስድብ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ተሳዳቢው ስሙን ይደብቃል፤ የሚገሥጸው ሽማግሌም በአጠገቡ የለም። የአንድ አካል ጉዳተኛ ፎቶግራፍ ወይም አነጋገር መሣለቂያ ሆኖ ሲቀርብ በአንዲት ሌሊት ባሕርና ድንበር ተሻግሮ ለብዙ ሰው ሊዳረስ ይችላል። የላከው ሰው ተጸጽቶ ቢሰርዘው እንኳ ሌሎች አስቀድመው ቀድተውታል። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ማለት ይህ ነው። የተሰደበውም ሰው ብዙ ጊዜ ከመናገርና ከሰው ፊት ከመቅረብ ይቆጠባል፤ ስለዚህ ኅብረተሰቡ አንድ ድምፅ ያጣል።

ጉዳቱ በስድብ ብቻ አይወሰንም። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ አገር የሚጥል በሽታ ያለበት አንድ ሕፃን በእግሩ እየተጓዘ ለሕሙማን መርጃ ገንዘብ ያሰባስብ ነበር። በዚያን ጊዜ ክፉ አሳቢዎች ሕሙማኑ በሚያዩት ገጽ ላይ ብልጭ ድርግም የሚሉ ምስሎችን ላኩ። እንዲህ ያለው ብርሃን በአንዳንድ ሕሙማን ላይ በሽታውን ይቀሰቅሳል። ይህ አድራጎት እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ሕግ ወንጀል እንዲሆን ተደርጓል።

በኢትዮጵያም አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳተኝነት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ሆን ብሎ የሚያነሣሣ ንግግርን ይከለክላል። ይህን በጽሑፍ፣ በምስል ወይም በድምፅ ያሰራጨ ሰው እስከ 2 ዓመት ሊታሰር ወይም እስከ 100,000 ብር ሊቀጣ ይችላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ጅቡቲም በ2012 የተቀበሉት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ መንግሥታት ሕዝቡን በማስተማር የተዛባ አመለካከትን እንዲያስወግዱ ያዛል።

ሕግ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ቋንቋችንም መታረም አለበት። «ደንቆሮ» የሚለው ቃል መስማት የተሳነውን ሰው ይገልጽ የነበረ ሲሆን፣ አላዋቂን ለመስደብም ይነገራል። ይሁን እንጂ መስማት መሳንና አለማወቅ ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮች ናቸው።

ብዙ ሰው በአንድ ሰው ላይ ዐይኑን ሲጥል ውጤቱ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ፓራሊምፒክ፣ ጅቡቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሳተፍ፣ አንድ እጁን ያጣው ሯጭ ሑሴን ዑመር ሐሰን በ1500 ሜትር ውድድር ተሰለፈ። በሩጫው ላይ እግሩ ቢጎዳም አላቋረጠም። ሌሎቹ ከገቡ ከብዙ ደቂቃ በኋላ ብቻውን እየሮጠ ሲጨርስ ተመልካቹ በጭብጨባ ተቀበለው። ያ ሕዝብ ሊሥቅበት ይችል ነበር፤ ነገር ግን አከበረው። ስልክ በእጁ የያዘ ሁሉ በየዕለቱ እንዲህ ያለ ምርጫ ይቀርብለታል።

መልመጃ 1፦ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
ሀ. በሠፈር የሚነገር ስድብና በስልክ የሚተላለፍ ስድብ በምን ይለያያሉ?
ለ. ብልጭ ድርግም የሚሉ ምስሎችን መላክ ከቀልድ የማይቆጠረው ለምንድን ነው?
ሐ. የለንደን ተመልካቾች ምሳሌነት ምን ላይ ነው?

መልመጃ 2፦ የሚከተሉትን ቃላት በዓረፍተ ነገር አስገቡ።
ገሠጸ፣ መሣለቂያ፣ መድልዎ፣ የተዛባ

መልመጃ 3፦ «አይቶ የሣቀ፣ ተቀብሎ ያስተላለፈ ከተሳዳቢው ጋር ይቆጠራል» በሚለው አሳብ ላይ በሁለት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።