ይጮሃል ወይስ ይሰማል?

ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ካለ አንድ ዋርካ ሥር፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሲኒ ቡና፣ አንድ ዋሽንትና ሁለት ያገለገሉ ስልኮች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ጥቁር። ስልኮቹ የወጣቷ አይደሉም። መታወቂያዋን አስይዛ እስከ ቀትር ከአንድ ሱቅ የተዋሰቻቸው ናቸው። የተሻለውን ገዝታ በማግሥቱ በጀልባ ወደ ዘጌ ልትሻገር፣ በቡና ጫካው ውስጥ የሚኖሩ አዛውንት እናቶችን ተረት ለዩኒቨርሲቲ ጥናቷ ልትቀርጽ አስባለች። ዋሽንቱ የሽማግሌው ነው። ዕድሜያቸውን በራዲዮ የድምፅ ክፍል አሳልፈው ጡረታ የወጡ ናቸው።

«እኔስ ወደ ሰማያዊው አደላሁ፣ ጋሼ» አለች። «ሱቁ ውስጥ ዘፈን ሲለቀቅበት ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ጥቁሩ ልፍስፍስ ነው።»

«ዘፈኑን ማን መረጠው?»

«ሻጩ ነዋ።»

ሽማግሌው ሳቅ አሉ። «ታዲያ ያ ምን ፈተና ነው? ፈተናውን ያወጣው ተፈታኙ! በይ ልጄ፣ ይጮሃል ማለትና ይሰማል ማለት ለየቅል ነው። የሰው ጆሮ ሁለት ድምፅ ሲቀርብለት ለጎላው ይፈርዳል። በዚህ የማይታለል የለም፤ እኔም ስንት ጊዜ ተታልያለሁ። መጀመሪያ ሁለቱን እኩል አድርጊያቸው።»

ከኪሳቸው ትንሽ ሚሞሪ አወጡ። የሴትና የወንድ ንባብ፣ የበገና ድርደራና የከበሮ ምት ተቀርጾበታል። ሰማያዊው ላይ ከፍተው፣ አንድ ክንድ ያህል አርቀው፣ ድምፁ ከጥቁሩ ጋር እስኪተካከል ዝቅ አደረጉት። ከዚያም ወጣቷ ፊቷን ወደ ሐይቁ እንድታዞር አዘዟት። የትኛው ስልክ እየተናገረ እንደሆነ ማወቅ አልነበረባትም።

«የምትሰሚውን ቃል ብቻ ጥሪልኝ» አሏት። «ለጥራቱም ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስጪ። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የስልክን ድምፅ የሚያስመዝነው እንዲሁ ሰው አስቀምጦ እያሰማ፣ 5 እጅግ ጥሩ፣ 1 መጥፎ እያስባለ፣ አማካዩን እየወሰደ ነው።»

ሴቲቱ አነበበች። ሰውየው መጣ። ሰውየው መታ። ልጁ ሠራ። ልጁ ፈራ። ቅደም ተከተሉ እየተቀያየረ 20 ዓረፍተ ነገር አለፈ። ወጣቷ ጥቁሩ ስልክ ላይ አንድም አልሳተችም። ሰማያዊው ላይ ሦስት ጊዜ «ሠራ» የሚለውን «ፈራ» ብላ ጠራች፤ አንዴም «መጣ» ይሁን «መታ» መለየት አቅቷት ዝም አለች።

ፊቷን መልሳ ነጥቧን ስታይ ግራ ገባት። ለጥቁሩ 4፣ ለሰማያዊው 2 ሰጥታለች።

«እነዚህን ቃላት ለምን መረጡ?»

«የሚለያዩት በአንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ነው። ዘፈን ብታሰሚኝ ግማሹን በልቤ አውቀዋለሁ፤ ያልሰማሁትን ራሴ እሞላዋለሁ። ‹ልጁ ፈራ› እና ‹ልጁ ሠራ› ግን ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ ወሬው አያግዝሽም፤ ጆሮሽ ብቻ ነው የሚፈርደው። አሁን ‹ሰ› በይ። አየሽ፣ እንደ እባብ ነው ፉጨቱ። የዚያ ፉጨት ጉልበት ያለው ከላይ፣ ከ4,000 ኸርዝ ወዲያ ነው። የ‹ፈ› ደግሞ ደከም ያለና የተበተነ ነው። ስፒከሩ ላይኛውን ድምፅ ካልቻለበት ሁለቱ አንድ ይሆኑብሻል።»

«‹መጣ› እና ‹መታ›ስ?»

«‹ጠ› ጉሮሮን ዘግተሽ የምታፈነጂው ድምፅ ነው፤ ቅጽበት ናት፣ ትፈነዳለች፣ ትጠፋለች። ‹ተ› ትንፋሽ ያስከትላል። የሚንቀጫቀጥ ስፒከር ሁለቱንም ያው ቋ! ያደርጋቸዋል። ፈረንጆቹ ስልክ የሚፈትኑበት በየቋንቋቸው የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር አላቸው። እኛ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ ያለን ሰዎች በእንግሊዝኛ ዘፈን ስልክ የምንፈትነው ለምንድን ነው?»

እዚህ ላይ ሽማግሌው ትክክል ናቸው፤ ለስልክ ድምፅ የሚጨነቅ ጥቂት ነው። የስልክ ማስታወቂያ የካሜራውን ሜጋፒክስል በትልልቁ ይጽፋል፤ ስለ ማይኩ ግን አንድ መስመር ማግኘት ብርቅ ነው። ገዢውም ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ የሚያደርገው ራሱን ፎቶ ማንሳት ነው። ስልክ ዋና ሥራው ማነጋገር መሆኑን የሚያስታውሰው ቤቱ ከገባ በኋላ፣ እናቱ «ምነው ድምፅህ ራቀ?» ስትለው ነው።

ቀጥሎ በገናው ተከፈተ። ሁለቱም ስልኮች ላይ ነዝ ነዝ የሚለው ድምፁ ወጣ። ከበሮው ሲመጣ ግን ከሁለቱም የተሰማው በጣት ካርቶን መምታት የመሰለ ነገር ነው።

«በገና ከከበሮ ይልቅ ለምን ተሰማ? ሁለቱም ወፍራም ድምፅ አይደሉም እንዴ?»

ይህን ጥያቄ ሲጠብቁት የቆዩ ይመስላሉ፤ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «የስልክ ስፒከር ስንት ያህል ነው? የጥፍርሽን ያህል። ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ለመግፋት የሚበቃ አየር የለውም። የወንድ ድምፅ መሠረቱ 100 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ስልኩ እሱን አያወጣውም ማለት ይቻላል። ግን በስልክ ስናወራ ወንድነቴ ይጠፋሻል? አይጠፋሽም። ከመሠረቱ በላይ ያሉት ተከታይ ድምፆች ስለሚደርሱሽ አእምሮሽ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሠራዋል። በገና 10 አውታር አለው፤ በየአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት በርኩማ መካከል እንዝራ የምትባል የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ነዝ ነዝ የምታሰኘው እሷ ናት፤ ያ ነዝናዜ ደግሞ በተከታይ ድምፅ የተሞላ ነው። ስለዚህ ጆሮሽ በገናውን መልሶ ይገነባዋል። ከበሮ ግን ያን ያህል ፍንጭ አይሰጥም፤ መሠረቱ ሲቆረጥ ቅርፊቱ ይቀራል። እና ‹ይህ ስልክ ቤዝ አለው› የሚል ሻጭ ካጋጠመሽ ከበሮ አስከፍቺበት።»

ስፒከሩ በዚህ አበቃ። ወጣቷ ግን የመጣችው ለማይኩ ነው።

ሽማግሌው ስልኩን ገልብጠው ቀዳዳዎቹን አሳዩዋት። ከታች፣ ከቻርጀሩ መሰኪያ አጠገብ አንዲት ነጥብ አለች፤ ዋናው ማይክ ነው። ከላይ ወይም ከካሜራው ጎን ሌላ ነጥብ አለች። ይህችኛዋ በጥሪ ጊዜ የአካባቢውን ጫጫታ ሰምታ ስልኩ እንዲቀንሰው ታግዛለች፤ ቪዲዮ ሲቀረጽም በብዙ ስልኮች ላይ ዋና ሠራተኛዋ እሷ ናት። ስለዚህ አንድ ጊዜ «ሃሎ፣ ሃሎ» ብሎ ማይኩ ይሠራል ማለት አይቻልም። በድምፅ መቅጃው አንዴ፣ በቪዲዮ አንዴ፣ በጥሪ አንዴ መሞከር አለበት። ጥሪውም በጆሮና በላውድ ለየብቻ ነው።

በድምፅ መቅጃው ሁለቱም ቃሏን ደህና አድርገው ቀረጹ። ከ25 ሳንቲ ሜትር ላይ ሆና አነበበች፣ 10 ሴኮንድ ዝም አለች፣ እንደገና አነበበች። ዝምታውን ሽማግሌው ሆን ብለው ያስገቡት ነው። ሰማያዊው ላይ ቃሏ እንዳበቃ የሐይቁ ድምፅና የወፉ ጫጫታ ቀስ እያለ አበጠ፤ ስትናገር መልሶ ወደቀ። «አየሽው? ስልኩ ዝም ስትይ ‹ምን ልስማ?› እያለ ጆሮውን ይከፍታል። ተረት የሚያወሩ እናቶች በየመሐሉ ያርፋሉ፤ ባረፉ ቁጥር ወፉ ከተናጋሪዋ በላይ ይጮህብሻል።»

ቪዲዮው ላይ ነገሩ ተገለበጠ። የጥቁሩ ድምፅ ጋቢ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው ታፍኖ ወጣ። ወጣቷ ፊቷ ጠቆረ፤ ልቧ ወደ ጥቁሩ ዞሮ ነበርና። ሽማግሌው ምንም ሳይሉ ከቨሩን ፈልቅቀው አወለቁት። ከቨሩ የሌላ ሞዴል ነው፤ ቀዳዳው ከስልኩ ቀዳዳ ጋር አይገጥምም። ከሥሩ ያለችው ነጥብም በኪስ ብናኝ ተደፍናለች። ወጣቷ ከፀጉሯ ላይ ፒን መዛ ስትጠጋ እጇን ያዟት።

«በመርፌ የተወጋ ጆሮ ይሰማል? ውስጡ ያለችው ገለፈት ከፀጉር የቀጠነች ናት፤ አንዴ ከቀደድሻት ማይኩን መቀየር ነው። ሲሙን በምታወጪበት ፒን ይህን ቀዳዳ እየወጉ ማይክ የገደሉትን ሰዎች ቤት ይቁጠራቸው።»

ቡናውን ካፈላችው ልጅ ያልተነካ የጥርስ ብሩሽ ተገኘ። ደረቁን፣ ስልኩን ቁልቁል ዘቅዝቀው፣ ቀስ እያሉ ጠረጉት። ሁለተኛው ቪዲዮ ጥርት ብሎ ወጣ። ይህች ነገር ሳትታይ ብትቀር ጥቁሩ ስልክ ያለ ጥፋቱ ተፈርዶበት ወደ ሱቁ ይመለስ ነበር።

ለጥሪው ወጣቷ ሲሟን ተራ በተራ እያስገባች ባጃጅ ወደሚርመሰመስበት አስፋልት ወጣች፤ ሽማግሌው ከዋርካው ሥር ሆነው በራሳቸው ስልክ አዳመጡ። በሰማያዊው በላውድ ስታወራ የራሳቸው ድምፅ ተመልሶ ጆሯቸው ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ በዚህ ጊዜ የራሱን ስልክ ይጠረጥራል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የወዲያኛው ነው፦ ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ የዚያው ስልክ ማይክ ለቅሞ መልሶ ይልከዋል።

ተመልሳ ስትመጣ ሽማግሌው ዋሽንቱን አንስተው በጥሪ ላይ እንዳሉ ረዥም ዜማ ነፉ፤ እሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ራቅ ብላ ቆመች። መጀመሪያ ጥቂት ተሰማት፤ ከዚያ ዜማው እየሳሳ፣ እየተቆራረጠ ጠፋ።

«ተበላሸ!»

«አልተበላሸም። ስልኩ በጥሪ ጊዜ የሚፈልገው የሰው ንግግር ነው። ሳይቋረጥ የሚዘልቅ ድምፅ ሲሰማ የሞተር ወይም የነፋስ ድምፅ ይመስለውና ያጠፋዋል። ዱሮም ስልክ እንዲህ ቆጣቢ ነው። በምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ ሲዘረጋ የተፈለገው ቃል እንዲደርስ ነው፤ ዜማ እንዲደርስ አይደለም። ኋላ በዓለም ዙሪያ የተለመደው የስልክ መስመርም ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ የሚያሳልፍ ሆነ። የ‹ሰ›ን ፉጨት እዚያው ቆረጠው ማለት ነው። አዲሱ ኤችዲ የሚባለው ጥሪ እስከ 7,000 ይደርሳል፤ ግን ሁለቱም ስልክና መስመሩ የሚችሉት ሲሆን ነው። ስለዚህ በጥሪ ‹ሠራ› እና ‹ፈራ› ቢምታታብሽ ስልኩን ከመክሰስሽ በፊት በድምፅ መቅጃው አረጋግጪ።»

«እንግዲያ የእናቶቹን ተረት በቴሌግራም ቮይስ ብልከውስ?»

«ለወሬ ይሆናል። ለጥናት ግን አይሆንም፤ ቮይስ ሲላክ ይጨመቃል፣ አንዴ የተጨመቀው ደግሞ አይመለስም። በድምፅ መቅጃው በከፍተኛው ጥራት ቅረጪና እንደ ፋይል አኑሪው።»

4 ሰዓት ሲቃረብ ከሐይቁ ነፋስ ተነሣ። ሽማግሌው አሁንም መቅጃውን አስከፈቱና የተቀረጸውን አሰሟት፤ ቃሏ ከገደል እንደሚንከባለል ድንጋይ ድር ድር በሚል ድምፅ ተውጧል። ነፋስ ማይኩን በቀጥታ ሲመታው እንዲህ ነው፤ የትኛውም ስልክ አይተርፍም። ነጠላዋን እጥፍ አድርጋ ቀዳዳውን እንድትሸፍን፣ ጀርባዋን ለሐይቁ ሰጥታ ስልኩን ከፊቷ እንድትይዝ ነገሯት። ድንጋዩ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ራቀ።

«ጣና ቀን ቀን ወደ የብስ ይነፍሳል። ዘጌ ስትደርሺ ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ ቅረጪ፤ ካልሆነም ጫካው ውስጥ ግቢ። ስልኩንም ከአፋቸው አታርቂ። ርቀቱ በግማሽ ሲያጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ከ1 ሜትር ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ብትጠጊ 12 ዴሲቤል አተረፍሽ፤ ይህም ለጆሮ ከእጥፍ በላይ የጎላ ነው። ውድ ስልክ ከሚጨምርልሽ አንድ እርምጃ መጠጋትሽ የበለጠ ይጨምርልሻል።»

ወጣቷ ሁለቱን ስልኮች አነሣችና የሰማያዊውን ሲም አወጣች።

«ሰማያዊውስ ለምን ይሁን ጋሼ?»

«እሱማ ደህና ስልክ ነው፤ ሰርግ ቤት ይውሰዱት። ዘጌ ጥቁሩ ይሂድ፤ ያን ከቨር ግን እዚያው ሱቅ ትተሽው ነይ።»