ሰፊ ዋሻ በጠባብ ማህደር፦ የጽሑፍ ጀብዱ ጨዋታዎችና የቤት ኮምፒውተር መጽሔቶች

ያለ ምስል፣ በቃላት ብቻ የሚካሄዱ የኮምፒውተር ጨዋታዎች አሉ። ኮምፒውተሩ ተጫዋቹ የሚገኝበትን ስፍራ በጽሑፍ ይገልጻል፤ ተጫዋቹም «ወደ ሰሜን ሂድ»፣ «ፋኖሱን አንሳ» የሚሉ ትእዛዞችን ይጽፋል። የእነዚህ ጨዋታዎች ፈር ቀዳጅ የሆነውን «አድቬንቸር» በአሜሪካ ዊል ክራውዘር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በኬንታኪ ከሚገኘው የማሞዝ ዋሻ ተነሥቶ ጻፈው፤ ዶን ዉድስም በ1977 አስፋፋው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታው የተጻፈው ለትልልቅ የምርምር ኮምፒውተሮች ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ቤት ከገቡት አነስተኛ ኮምፒውተሮች የብዙዎቹ ማህደረ ትውስታ ግን ከ16 ኪሎባይት፣ ማለትም ከ16,384 ባይት አይበልጥም ነበር። አንድ ፊደል አንድ ባይት ቢይዝ፣ 200 ፊደላት ያሉት የአንድ ስፍራ መግለጫ 200 ባይት ይፈጃል። ስለዚህ ማህደሩ በሙሉ ለመግለጫ ቢውል እንኳ ከ81 ስፍራዎች በላይ አይዝም። ታዲያ ሰፊው ዋሻ እንዴት ሊገባ ቻለ?

መልሱን በዘመኑ መጽሔቶች ገጾች እናገኛለን። መጽሔቶቹ ጨዋታዎችን ከመገምገምና መንገድ ለጠፋባቸው ተጫዋቾች ፍንጭ ከመስጠት አልፈው የውስጥ አሠራሩን ያስተምሩ ነበር። «ባይት» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በዲሴምበር 1980 እትሙ የስኮት አዳምስን የባሕር ወንበዴዎች ጀብዱ በቤዚክ ቋንቋ እንደተጻፈ አትሞ አወጣው። የአዳምስ ዘዴ የጨዋታውን ዓለም ከፕሮግራሙ መለየት ነው። ዓለሙ በሠንጠረዥ ይቀመጣል፤ ለእያንዳንዱ ስፍራ ስድስት ቁጥሮች ይመዘገባሉ፦ ለሰሜን፣ ለደቡብ፣ ለምሥራቅ፣ ለምዕራብ፣ ለላይና ለታች። በስፍራ 3 «ሰሜን» ሥር 7 ቢጻፍ፣ ወደ ሰሜን የሄደ ተጫዋች ስፍራ 7 ይደርሳል፤ 0 ከሆነ መንገድ የለም። ሠንጠረዡን የሚያነበው ፕሮግራም ሳይለወጥ ለሌላ ጨዋታም ያገለግላል።

ሁለተኛው ዘዴ ጽሑፉን ማመቅ ነው። «ዞርክ»ን ለገበያ ያቀረበው ኢንፎኮም ለአንድ ፊደል 5 ቢት መድቦ ሦስት ፊደላትን በሁለት ባይት ያስቀምጥ ነበር። በዚህ ስሌት የ200 ፊደላት መግለጫ በግምት ወደ 134 ባይት ይወርዳል።

እንዲህ ያለው እውቀት በመታተሙ ምን ተገኘ? በኦገስት 1980 ኬን ሪድ በእንግሊዙ «ፕራክቲካል ኮምፒውቲንግ» መጽሔት ላይ ተመሳሳይ አሠራር አስረዳ። ግሬም ዬንድል ይህን ጽሑፍ መነሻ አድርጎ «ዘ ኩዊል» የተባለውን የጨዋታ መሥሪያ አዘጋጀ፤ መሥሪያውም በ1983 ለገበያ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራም መጻፍ የማያውቁ ሰዎችም የራሳቸውን ጀብዱ መድረስ ቻሉ። ጨዋታው ብቻ ቢሸጥ ኖሮ ተጫዋቾችን ብቻ ባፈራ ነበር፤ አሠራሩ በመገለጡ ግን ደራሲዎችን አፈራ።

ዘዴውን በራሳችን ፊደል ብንሞክረውስ? 5 ቢት የሚለየው 32 ምልክቶችን ነው፤ ይህም ለእንግሊዝኛ 26 ፊደላት ይበቃል። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ስለሚሆኑ 7 ቢት (128) አይበቃቸውም፤ 8 ቢት (256) ያስፈልጋቸዋል። ይህ ብክነት ይመስላል። ነገር ግን «ሰላም» በእኛ ፊደል ሦስት ምልክት፣ ማለትም 24 ቢት ነው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ አምስት ምልክት፣ ማለትም 25 ቢት ይሆናል። አንባቢያን ሌሎች ቃላትን ወስደው ስሌቱን እንዲቀጥሉ እንጋብዛለን።