ጠበቃ ለተከራይስ?

አሶሳ ውስጥ ማንጎ የሚሸጡ ጎረቤታችን አምና «በሳምንት ውስጥ ቤቱን ልቀቂ» ተባሉ። ውላቸው የቃል ነበር። እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪው «አይዞዎት እትዬ፣ መንግሥት ጠበቃ ያቆምልዎታል» አልኳቸው። ሕጉን ሳላነብ ነው፤ ያሳፍራል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20(5) በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የፈቀደው አቅም ለሌለውና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ለሚጓደልበት የወንጀል ተከሳሽ ነው። የኪራይ ክርክር ግን ፍትሐ ብሔር ነው። ማንጎ ሰረቁ ተብለው ቢከሰሱ ተከላካይ ጠበቃ መጠየቅ ይችሉ ነበር፤ ቤት ልቀቁ ሲባሉ ግን የለም!

በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከ2 ዓመትም እንዳያንስ ያዛል። በክልል የሚሠራው ግን ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው። ቢሠራስ፣ አንቀጹን ችሎት ፊት ማን ያንብብላቸው?

በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣሉ። ይህን ልነግራቸው ስሄድ እትዬ ዕቃቸውን ባጃጅ ላይ እየጫኑ ነበር።