ሞላና አሞርዛተር በሞተር ብስክሌት

ብዙ ሰዎች የሞተር ብስክሌት የኋላ ሞላ ለነጂው ምቾት ብቻ የተሠራ ይመስላቸዋል። ዋና ሥራው ግን ጎማው ከመሬት እንዳይለይ ማድረግ ነው። ከመሬት የተለየ ጎማ ለፍሬን አይታዘዝም።

እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሁክ በ1678 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) እንደ ገለጸው፣ ሞላ የሚጨመቀው በተጫነው ኃይል ልክ ነው። 10 ኪሎ 1 ሴንቲሜትር ቢጨምቀው፣ 20 ኪሎ 2 ሴንቲሜትር ይጨምቀዋል። ይሁን እንጂ ሞላ ብቻውን ቢተው ደጋግሞ ይነጥራል። ስለዚህ አሞርዛተር ታከለለት፤ በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ የንጥረቱ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል።

በእሽቅድምድም ሜዳ የሚነዱ ሰዎች ሞላውን በክብደታቸው ይመጥኑታል። በመጀመሪያ የኋላው ጎማ ከመሬት ተነሥቶ ከጎማው መካከል እስከ መቀመጫው ጫፍ ያለው ርቀት ይለካል፤ ቀጥሎም ነጂው ሲቀመጥበት ይለካል። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ 30 ሚሊሜትር ገደማ እንዲሆን የሞላውን ቀለበት ያጠብቃሉ ወይም ያላላሉ። ቀለበቱ ግን ከፍታውን እንጂ የሞላውን ጥንካሬ አይለውጥም፤ ለከባድ ነጂ ሌላ ሞላ ያስፈልጋል።

ይህ ልክ ለለስላሳ አስፋልት ነው። ከሞጣ ወደ ገጠር በሚወስደው ኮረኮንች ላይ ሞላው የበለጠ መጨመቅ አለበት። ሁለት ሰው ለመጫን አጥብቀው፣ ብቻቸውን ሲመለሱ ሳያላሉ የሚነዱ አሉ። ያን ጊዜ ጎማው በየድንጋዩ ይዘላል፤ በዘለለበት ቅጽበት ፍሬን ቢያዝ ይንሸራተታል፤ ሕይወትም ይጠፋል።

እንግዲህ ጥሩ ሞላ ማለት ጠንካራው ሳይሆን ለነጂው፣ ለጭነቱና ለመንገዱ የተመጠነው ነው።