ተንቀሳቃሽ የጎማ መንፊያ ከመግዛታችን በፊት

ከካምፑ ወጣቶች ጥቂቶቹ የዕቁብ ገንዘባቸውን አሰባስበው በመንገድ ዳር የጎማ ሥራ ለመጀመር ማሰባቸውን ገልጸው፣ «የትኛውን ኮምፕሬሰር ብንገዛ ይሻለናል?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው የእነርሱ ብቻ አይደለም። ራክሻ የሚነዳ፣ በአህያ ጋሪ ውሃ የሚያመላልስ፣ በፒክአፕ በሽተኛ ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ ሁሉ አንድ ቀን ጎማው ሜዳ ላይ ይተነፍስበታል። ስለሆነም የምናውቀውን በዚህ ገጽ ለማካፈል ወደናል።

ካርቱም ሳለን ይህን ጉዳይ ብዙም አናስበውም ነበር። በዴይምም ሆነ በጅሬፍ ሱዳኖች «በንሽር» የሚሉት፣ እኛ ጎሚስታ የምንለው ባለሙያ ከቅርብ ይገኝ ነበር። ኮምፕሬሰሩ በከተማው መብራት ይሠራል፤ ሳንቲም ከፍሎ ነፍቶ መሄድ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ካርቱም ውስጥ ሲነሳና ብዙዎቻችን ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ከሰላና ወደ ነጭ ዓባይ ስንበታተን ግን ንፋስ ምን ያህል ውድ ነገር እንደሆነ ተማርን። እኛ የተሳፈርንበት ፒክአፕ ዋናውን መንገድ ትቶ በሜዳ ሲጓዝ አሸዋ ውስጥ ተቀረቀረ። ሾፌሩ ልምድ ያለው ሰው ስለነበር የአራቱንም ጎማ ንፋስ ቀነሰና ወጣን። መንፊያ ግን አልያዘም። አስፋልቱ ላይ እንደደረስን በላላ ጎማ መንዳቱን ቀጠለ፤ ብዙም ሳንርቅ አንደኛው ጎማ ግሎ ተተረተረ። ከመካከላችን አራስ እናት ነበረች፤ ፀሐይዋ የምታቃጥል ነበረች። በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቆሞ ትርፍ ጎማችንን እንድንቀይር ረዳን፤ የቀሩትን ሦስቱን ደግሞ ከራሱ የፍሬን ንፋስ ታንክ በጎማ ቱቦ ሞላልን።

በአሸዋ ላይ ንፋስ መቀነስ አዲስ ጥበብ አይደለም። የእንግሊዝ የጦር መሐንዲስ የነበረው ራልፍ ባግኖልድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ መጀመሪያ በግብፅና በሱዳን በረሃ በተራ ፎርድ መኪናዎች ሲጓዝ ከተጠቀመባቸው ዘዴዎች አንዱ ይኸው ነበር። የላላ ጎማ መሬቱን በሰፊው ስለሚረግጥ አይሰምጥም። በክረምት የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ላይ ግን ብዙ አይረዳም፤ ጎማው ጭቃ ለብሶ ይንሸራተታልና። ያም ሆነ ይህ ንፋስ የሚቀንስ ሰው መልሶ የሚሞላበትን አስቀድሞ መያዝ አለበት።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር አያታልላችሁ። ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው መሣሪያው ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ግፊት ነው፤ 10 ባር ወይም 150 ፒ.ኤስ.አይ. ይላል። (1 ባር 14.5 ፒ.ኤስ.አይ. መሆኑን ልብ ይሏል።) እኛን የሚጠቅመን በደቂቃ ስንት ሊትር ንፋስ ይሰጣል የሚለው ነው። ይህም ቢሆን የሚለካው መሣሪያው ምንም ሳይገፋ ስለሆነ የጎማው ግፊት በጨመረ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል።

ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። የተለመደው የላንድ ክሩዘር ጎማ ውስጡ 65 ሊትር ገደማ ነው። ከ1 ባር ወደ 2.5 ባር ለማድረስ 65ን በ1.5 ማባዛት ነው፤ ወደ 100 ሊትር አየር ይፈልጋል። ለአራቱ 400 ሊትር መሆኑ ነው። የራክሻ ጎማ ከባዶ ተነሥቶ እንኳ ከ25 ሊትር ብዙም አያልፍም። የከባድ ጭነት መኪና ጎማ ግን ከባዶ ሲነሳ ወደ 1,000 ሊትር ይበላል።

በዚህ ስሌት ስናየው ለራክሻ፣ ለብስክሌትና ለጋሪ ጥሩ የእጅ ፓምፕ ይበቃል። ለአንድ የፒክአፕ ጎማ ግን ከ200 ጊዜ በላይ መግፋት ስለሚጠይቅ ሁለት ጉልበታም ሰዎች እየተፈራረቁ የሚሠሩት ሥራ ነው። ቢሆንም ነዳጅም መብራትም ሲጠፋ የሚሠራው እርሱ ብቻ ስለሆነ ሌላ መሣሪያ ያለውም ሰው ቢሆን አንድ እንዲይዝ እንመክራለን።

ከሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካው ትንሹ ባለ 12 ቮልት ኮምፕሬሰር ርካሽ ነው። ነገር ግን በደቂቃ ከ20 እስከ 35 ሊትር ይላል ከተባለ ጎማው ውስጥ የሚደርሰው ከግማሹ ብዙም አይበልጥም። አራት ጎማ ለመሙላት ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ በየ10 ወይም 15 ደቂቃው ደግሞ ማረፍ አለበት። በእኛ ሙቀት ሳያርፍ ቢሠራ ይቃጠላል። በቀጥታ ከባትሪ ጋር በመቆንጠጫ የሚያያዘው ተለቅ ያለው፣ በደቂቃ 70 ሊትር ገደማ የሚለው፣ ለፒክአፕ ባለቤት የተሻለ ነው። ሞተሩ ሳይጠፋ መንፋት ይገባል፤ አለዚያ ጎማው ሞልቶ ባትሪው ያልቃል።

አንዳንዶች የተሞላ የንፋስ ታንክ ይዞ መሄድ ይበቃል ይላሉ። 40 ሊትር የሚይዝ ታንክ በ8 ባር ቢሞላ 2.5 ባር ለሚፈልግ ጎማ የሚሰጠው 220 ሊትር ብቻ ነው፤ ሁለት ጎማ ሞልቶ አበቃ። በሌላ አገር ያሉ የበረሃ ተጓዦች የሚወዱት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር እጅግ ፈጣን ነው፤ 4.5 ኪሎው ከ20 የሚበልጡ ጎማዎችን መልሶ ይሞላል። ሆኖም በካምፕ አካባቢ የሚሞላ የለም። ከዚህም ሌላ ጋዙ ከ31 ዲግሪ ሙቀት በላይ ፈሳሽ ሆኖ መቆየት ስለማይችል ፀሐይ ላይ የተተወ ሲሊንደር ግፊቱ በጣም ይጨምራል። ለገዳሪፍ ፀሐይ አንመክረውም።

ለጠየቁን ወጣቶች የምንሰጠው ሐሳብ እንግዲህ በትንሽ የቤንዚን ሞተር የሚሠራ፣ ታንክ ያለው ኮምፕሬሰር ነው። ውድ ነው፤ ብቻውን የሚገዛው ሰው ጥቂት ነው። ዕቁብ ግን ለዚህ ይሆናል። የጭነት መኪና ጎማ ለመሙላት የሚያስችለውም ይኸው ነው።

በርካሽ ለማግኘት ሲባል የፍሪጅ ኮምፕሬሰርን ከአሮጌ የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ጋር በይደው የሚሸጡ አሉ። ቀስ ብሎም ቢሆን ይነፋል። አደጋው ሲሊንደሩ ላይ ነው። ከአየር የሚወጣው ውሃ ከታች እየተጠራቀመ ከውስጥ ያዝገዋል፤ ከውጭ ቀለሙ አምሮ ይታያል። ሴፍቲ ቫልቭ የሌለው ታንክ፣ በነጻ ቢሰጣችሁም፣ ወደ ቤት አታስገቡ። የተገዛውም ታንክ ቢሆን ከሥሩ ያለው የውሃ ማፍሰሻ በየቀኑ ይከፈት። የብየዳ ኦክስጅን በጎማ ውስጥ መሙላት ፈጽሞ አይገባም፤ ዘይት ወይም ቅባት ካገኘ ይፈነዳል። የማብሰያ ጋዝም እንዲሁ ነው፤ ሌላ ቀን ቸርኬውን የሚበይድ ሰው ሕይወቱን ያጣል።

ቀለበት ያለው የጭነት መኪና ቸርኬ ሲነፋ ከፊቱ ማንም አይቁም። ቀለበቱ በትክክል ካልገባ እንደ ጥይት ይወጣል። ረዘም ያለ ቱቦ ተጠቅሞ ከጎን መቆም፣ ቸርኬውን በሰንሰለት ማሰር፣ ልጆችንም ማራቅ ያስፈልጋል። ልጆች ይህን ሥራ ማየት እንደሚወዱ ሁላችንም እናውቃለን።

የግፊት መለኪያ አትርሱ። ትንሽ ነገር ነው፤ ያለ እርሱ ግን የምትነፉት በግምት ነው። ልኬቱም ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል ይሁን። በቀትር የጋለ ጎማ ከፍ ያለ ቁጥር ቢያሳይ ንፋስ አታውጡ።

ገበያ ስትሄዱ አንድ የተነፈሰ ጎማ ይዛችሁ ሂዱ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊት ሙሉት፤ ሰዓት ያዙ፤ ከሞላ በኋላ መሣሪያውን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ቱቦው ከሚገጠምበት ላይ የሳሙና ውሃ ቀብታችሁ አረፋ ይወጣ እንደሆነ እዩ። ሻጩ ይህን አልፈቅድም ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።