ስለ ተከታታይ ድራማ አሠራርና በውስጡ ስለሚታዩት ሰዎች

ተከታታይ ድራማ የሚባለው አንድ ታሪክ በየክፍሉ እየተቈረጠ ለብዙ ወራት የሚታይ ጨዋታ ነው። መነሻው አሜሪካ ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት የሳሙና ነጋዴዎች ዕቃቸውን ለቤት እመቤቶች ለማስታወቅ በራዲዮ ያሰሙት ስለ ነበረ፣ በእንግሊዝኛ ስሙ እስከ ዛሬ ከሳሙና ጋራ ተያይዞ ቀርቷል። በአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ተዠመረ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቃና የተባለው ጣቢያ የቱርክን ድራማ በአማርኛ እያስነገረ ማሳየት ዠምሯል።

ክፍሉ የሚቈረጠው ነገሩ ሲፈጸም አይደለም፤ በሩ ሲንኳኳ፣ ደብዳቤው ሲከፈት፣ የተሰወረው አባት ስሙ ሊጠራ ሲል ነው። ተመልካቹም ቀሪውን ለማወቅ ይመለሳል። ሰዎቹም ብዙ ጊዜ በሦስት ይከፈላሉ፤ ደግ፣ ክፉ፣ በኹለቱ መካከል የሚወላውል። የሚያስተምረው ሦስተኛው ነው፤ ተመልካች ራሱን የሚያየው በእርሱ ነውና። በሜክሲኮ ሚጌል ሳቢዶ የተባለ ሰው ይህን ልማድ ለትምህርት አውሎት፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1975 በዠመረው ድራማ ጐልማሶች ፊደል እንዲማሩ አነሣሣበት። በእኛም አገር በዚሁ መንገድ የተዘጋጀው «የቀን ቅኝት» ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍል ተሰምቶ ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ መጥቶለታል። እርሱ የራዲዮ ቢኾንም ልማዱ አንድ ነው።

ከዚህ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የሰዎቹ አሣሣል ነው። በአዲስ አበባ በሚሠሩት ድራማዎች ባለታሪኮቹ ብዙ ጊዜ ሰፊ ግቢና መኪና ያላቸው ናቸው። የገጠር ሰው ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ዘበኛ ወይም የቤት ሠራተኛ ኾኖ ነው፤ አነጋገሩም ማሣቂያ ይኾናል። ሲያርስ፣ ሲያስታርቅ፣ ሲያዜም እምብዛም አይታይም። ቤተ ልሔም ሊቃውንት ከየአገሩ ድጓ ሊያስመሰክሩ የሚመጡባት ደብር ናት፤ እርስዋም ያለችው በዚሁ በገጠሩ በጋይንት ነው። የጋይንት ልጅ በዘበኛው አነጋገር ሲሥቅ በገዛ አባቱ መሣቁን አያስተውልም።

አንዳንድ ሽማግሎች ድራማው ይከልከል ይላሉ። ልጁ ግን ወደ ከተማ በወጣ ጊዜ ማየቱ ስለማይቀር መጠየቁ ይሻላል። በቅኔ ቤት ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ያልፈለገ ተማሪ አይመሰገንም፤ እንዲሁ መምህሩ ይጠይቅ፤ ይህ ዘበኛ ስም አለውን? አገሩስ ወዴት ነው? ሲናገር የሚሥቀው ማን ነው? የቤቱ ጌታ ሲሳሳት ስለ ምን አይሣቅበትም?

ቀጥሎም ተማሪዎቹ ዘበኛው ባለታሪክ የኾነበትን አንድ ክፍል ይጻፉ። አነጋገሩን ከአያቶቻቸው ይውሰዱ፤ መምህሩም ወደ ከተማ አማርኛ አያርመው። ሲነበብ ሽማግሎች ተቀምጠው ይስሙ፤ ያልመሰላቸውን ቃል እነርሱ ያቅኑ።