አሸዋ በምን ላይ ይንሸራተታል?

ገልባጭ መኪና ደረቅ አሸዋ ሲያራግፍ ቆም ብለን ብንመለከት ሁለት ዓይነት ሰበቃ በአንድ ጊዜ እናያለን። አንደኛው መሬት ላይ ባለው ክምር ይታያል። የቱንም ያህል ቢጨመርበት የክምሩ ተዳፋት ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ገደማ አይዘልም፤ እዚህ አሸዋ የሚፋተገው ከአሸዋ ጋር ነውና። ሁለተኛው በመኪናው የጭነት ሣጥን ወለል ላይ ያለው፣ አሸዋ ከብረት ጋር የሚያደርገው ሰበቃ ነው። ሁለቱን እንደ አንድ ቁጥር የሚወስድ ተማሪ በየዓመቱ ይገጥመኛል።

አንድ አካል በዘመመ ወለል ላይ መንሸራተት የሚጀምርበት ማዕዘን ታንጀንት የሰበቃውን ኮኤፊሸንት እንደሚሰጥ አንባቢ ያስታውሳል። በኤሌክትሪክ ሕጉ የምናውቀው ፈረንሳዊው ኩሎም በሙያው ወታደራዊ መሐንዲስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1776 በታተመ ጽሑፉ አፈር በድጋፍ ግንብ ላይ የሚያሳድረውን ግፊት ያሰላው ሰበቃን መሠረት አድርጎ ነው።

ፖትዮንዲ የተባለ ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጥናት የልዩ ልዩ አፈሮችን ሰበቃ ከብረት፣ ከእንጨትና ከኮንክሪት ጋር አነጻጽሯል። ጥቅጥቅ ያለ ደረቅ አሸዋ በለስላሳ ብረት ላይ ያለው የሰበቃ ማዕዘን የአሸዋውን የራሱን ማዕዘን ግማሽ ያህል ሲሆን፣ በሻካራ ኮንክሪት ላይ ግን ከራሱ ጋር ሊተካከል ጥቂት ብቻ ይቀረዋል።

ለምን? የወለሉ ጎርበጥባጣነት ከአሸዋው ቅንጣት እጅግ ካነሰ ቅንጣቷ በላዩ ታልፋለች። መጠናቸው ሲቀራረብ ግን ቅንጣቷ ትሰካለች፤ መንሸራተቱም ከወለሉ ተነሥቶ ወደ አሸዋው ውስጥ ይዛወራል። ስለዚህ ከዚያ በላይ ወለሉን ማሻከር ትርፍ የለውም።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በአሸዋ ውስጥ የተተከለ የብረት ፓይል ሸክሙን በከፊል የሚሸከመው በጎኑ ሰበቃ ነው። የአሸዋው ማዕዘን 34 ዲግሪ ቢሆን ታንጀንቱ 0.67 ነው፤ የግማሹ፣ የ17 ዲግሪ፣ ግን 0.31። የመጀመሪያውን ቁጥር ለለስላሳው ብረት የወሰደ መሐንዲስ የጎኑን ሰበቃ ከእጥፍ በላይ አጋኗል ማለት ነው።

በቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። ከወረቀት የተሠራ ሰፊና አጭር ቀለበት በመስታወት ላይ አኑራችሁ ደረቅ አሸዋ ሙሉበት፤ መስታወቱን ቀስ በቀስ እያዘመማችሁ አሸዋው የሚንሸራተትበትን ማዕዘን በፕሮትራክተር ለኩ። ከዚያም በጣውላና አናጢዎች በሚጠቀሙበት ብርጭቆ ወረቀት ላይ ድገሙት። ከማዘመማችሁ በፊት ቀለበቱን በጣም በጥቂቱ ወደ ላይ ሳብ ማድረግ እንዳትረሱ፤ አለዚያ የምትለኩት የወረቀቱን ሰበቃ ጭምር ነው።